የመንታዋ ጊደርና የልጄ ባና

የሴት ልጄን ባና ለወንድሟ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ አባታቸውም አላወቀም። ለሴት ልጄ ብዬ ዘጠኝ ዓመት የፈተልኩትን የበግ ጸጉር፣ ልቃቂቱን በስልቻ ሞልቼ፣ በሁዳዴ ጾም አንድ ማክሰኞ ወደ ሸማኔው ቤት ተሸክሜ ሄድኩና «የወንድ በርኖስ አድርግልኝ» አልኩት። ሸማኔው ልቃቂቱን በጣቱ እያሸ «ይኼ እኮ ለባና የተፈተለ ነው፤ ወፍራም ነው» አለኝ። «ግድ የለም፣ በርኖስ አድርገው» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ብናገር ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ተዳርኩ። የተሳሳትኩትን ፊደል እለፉልኝ።

የእኛ አገር ግሼ ደጋ ነው። ከቤታችን ራቤል ገበያ ለመድረስ ጠዋት የወጣ ሰው ረፋዱ ላይ ይገባል። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ሴት ልጅ ስትዳር ከሁሉ በፊት የሚታየው ባናዋ ነው፤ እናቷ ከልጅነቷ ጀምራ ከገዛ በጎቿ ጸጉር የፈተለችው፣ ሁለት ሰው የሚያለብስ ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ። የሙሽራው ዘመዶች በእጃቸው ይዳስሱታል፣ ወደ ብርሃን ዘርግተው ያዩታል። በዚያ ነው እናቲቱን የሚመዝኑ። ለወንድ ልጅ ደግሞ በርኖስ ነው፤ እሱም ጥቁር ካባ ነው።

እኔ የወለድኩት መንታ ነው። መንግሥት በተቀየረ በማግሥቱ ዓመት፣ ወንዱ ቀድሞ ሴቷ ተከትላ። ወንዱ ዝም ብሎ መጣ፤ አዋላጇ ጀርባውን መትታ ነው ያስለቀሰችው። እሷ ግን ገና ወጥታ ሳትጨርስ መጮህ ጀመረች። አዋላጇ ስቃ «ይቺ እየተጣላች ነው የምትመጣ» አለች።

እንዳለችው ሆነች። ወንድሟ ደረቱ ይታፈናል፤ ብርድ ሲመታው እስትንፋሱ ሲጥ ሲጥ ይላል። እኔ አጠገብ ተቀምጦ ጸጉር መባዘት ይወድ ነበር፣ ከዚያ የቄሱ ተማሪ ሆነና ዳዊቱን ያዘ። እሷ ግን እንዝርት ስሰጣት አዙራ ትወረውረዋለች። ታፏጫለች። ወንጭፍ ታውቅ ነበር። የገና ዕለት በትሯን ይዛ ከወንዶቹ መሀል ገብታ ሩሩን ስታሳድድ ሽማግሌዎቹ ከዳር ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አባቷ ደስ ይለዋል። እኔም እስቅ ነበር። ያኔ ምንም አልፈራሁም።

ልጆቹ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ላማችን መንታ ወለደች፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። የባሌ እናት፣ ቆብ ከጫኑ ጀምሮ ሁላችንም እማሆይ የምንላቸው፣ ከጋጣው በር ቆመው አዩና «ወንዱን ስም አውጡለት፤ ሴቷን አትቁጠሯት» አሉ።

ይህን ማንም የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ከወንድ ጋር አንድ ሆድ ያደረች ጊደር አትወልድም። መሲና እንላታለን። እንዳሉትም፣ ጊደሯ ስታድግ አንገቷ እንደ ወይፈን ወፈረ። መሬት ትጭራለች፣ ላሞቹ ላይ ትወጣለች፣ ኮርማ ሲቀርባት ቀንዷን ታዞራለች። ሦስት ዓመት ሞላት፤ አንድ ቀን እንኳ ኮርማ አልፈለገችም።

በዚያው ሰሞን የአባታቸው አንዱ በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። እሱም ጊደሯን ከመንታ ወንድሟ ከወይፈኑ ጋር ጠመዳት። ወንዱ ልጄ እርፍ ሊይዝ ቢሞክር ሁለት ትልም ሳይጨርስ ደረቱ ታፈነ። እህቱ ጅራፉን ከእጁ ተቀበለችው። በእኛ አገር ሴት አታርስም። ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን እርሻ ሆነች። አንዱ ጎረቤት በማሳው ዳር ሲያልፍ፦

«አንቺ፣ የጠመድሽው ሁለት ነው ወይስ ከነራስሽ ሦስት?» አላት።

«ና ቅረብና ቁጠር። አራተኛ አድርጌ አንተን እጠምድሃለሁ» አለችው፣ ጅራፏን አጩሃ።

መንደሩ ሁሉ «መንታዋ መንታ ጠምዳ ታርሳለች» እያለ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም። ክፉ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ቤቴ አስገብቼ ያዋልኩት እኔ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እኩዮቿ ጡታቸው ከቀሚሳቸው ገፍቶ፣ ወር አይተው፣ አንዳንዶቹም ተድረዋል። እሷ ደረቷ እንደ ወንድሟ ደረት ነው። አንድ ቀን እኔና እማሆይ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ስንፈትል እሳቸው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፦

«አንቺ ልጅ፣ ያቺ ልጅ ወር አይታለች?»

«አላየችም እማሆይ።»

ማሳው ከተቀመጥንበት ይታያል፤ ልጄ ጊደሯንና ወይፈኑን ጠምዳ ትመላለሳለች። እሳቸው ወደዚያ እያዩ «ከወንድ ጋር ነው ያደረች» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ያንን ብቻ ነው ያሉት።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅ ሆኜም ፈሪ ነበርኩ። ግን እንደዚያ ያለ ፍርሃት ያለ አይመስለኝም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን እንደ ልጅ ማየት ተውኩ። ፀጉሯን ስሠራት አንገቷን በጣቴ እለካለሁ፤ ወፈረ ወይስ እንደነበረ ነው? ስትስቅ ድምፅዋን አደምጣለሁ። በአገራችን ከወንድ ጋር መንታ የሆኑ ሴቶችን በሐሳቤ ቆጠርኩ። ሁለት ብቻ አገኘሁ። አንዷ በሕፃንነቷ ሞታለች። ሁለተኛዋ መንኩሳ ገዳም ገብታለች። «አየሽ፣ እሷም ስላልወለደች ነው» አልኩ ለራሴ። ምናልባት ሴትዮዋ እግዚአብሔርን ወዳ ነው የሄደችው። ፍርሃት ግን እንዲህ ያለውን ሐሳብ አይቀበልም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቀየት ከሚባለው አገር ሦስት ሽማግሌዎች ከደጃችን ቆሙ። ልጃችሁን ለልጃችን ነው ነገሩ። ባለጸጎች አይደሉም፤ ግን ደህና ሰዎች ናቸው፣ በጎቻቸው ብዙ ነው። ሕጉ ለእሷ ዕድሜ እንደማይፈቅድ በቀበሌ ስብሰባ ሰምተናል፤ ሰምተን ወጥተን ደግሞ እንድራለን፤ ያኔ እንዲህ ነበርን። ባሌ ፊቱ በራ። እኔ ጠላ ስቀዳ ዋንጫው ሞልቶ ፈሰሰ። «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ፣ እንመክርበታለን» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሴት ቀድማ መናገሯ ገርሟቸው ነበር።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ብናገር ስሟ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ደጃችንን አይረግጥም። ዝም ብዬ ብድራት ደግሞ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ጠብቀው ይመልሷታል። እኔ የተመለሰች ሴት አይቻለሁ። አክስቴ ናት። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ከወንዝ ማዶ ያለውን ዳገት አንዲት አህያ ስትወጣ አየን። ከኋላዋ አክስቴ ትነዳለች። አህያዋ ላይ ያለው ባናዋ ብቻ ነበር፣ ተጠቅልሎ በጠፍር ታስሮ። አያቴ ከደጅ ቆማ አየችና ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አክስቴ እዚያው ውጭ፣ ባናው ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ልጄ በዚያ መንገድ ስትመጣ እንዳላይ ነው ልቃቂቱን ያወጣሁት። ባናው ከሌለ፣ ተሸክማው አትመለስም። ሞኝነት ነው። ግን በዚያን ጊዜ ልክ መስሎኝ ነበር። ወንድሟ ለድጓ ትምህርት ወደ ሌላ ደብር ሊሄድ ነው፣ ደረቱ ብርድ አይችልም ብዬም ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት።

የሆሳዕና ዕለት ልጁ በርኖሱን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። እህቱ ጠርዙን ይዛ ጸጉሩን በጣቷ አፍተለተለችው። ቤት ውስጥ ማን ከየትኛው በግ እንደፈተለ እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። «ያምርበታል» አለች። እኔ ምድጃው ላይ አጎንብሼ እሳት አፋፍም ነበር።

ጊደሯ በዚያ ዓመት በድንጋያማው ማሳ ተንሸራታ እግሯን ተጎድታ ነበር። አነከሰች፣ ማረስ ቀረ፣ ወፈረች። አባታቸውና ስድስት ጎረቤት ለፋሲካ ቅርጫ ተስማሙባት። ያን ቀን ልጄ ጋጣ ገብታ የጊደሯን አንገት ስታክ ዋለች። የፋሲካ ጠዋት ወንዶቹ ቅጠል አንጥፈው ሲገፏት እኔ ገበቴ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ጨጓራና አንጀት ማጠብ የሴት ሥራ ነውና ማንም አልተገረመም። ሆዷ ሲከፈት ግን አላስቻለኝም። ቢላ ለያዘው ጎረቤታችን፦

«ማሕፀኗን አሳየኝ» አልኩት።

«ምን ልታደርጊው ነው? ገና መውለድ አማረሽ?» አለና ሁሉም ሳቁ።

«አሳየኝ ብቻ።»

እጁን ከትቶ ፈለገ። ቆይቶ በሁለት ጣቱ አንዲት ነገር ጎትቶ አወጣ። «ይኸውልሽ፣ ይኼ ነው እንግዲህ። ክር ነው» አለ። እውነትም ክር ነው። የላም ማሕፀን እጅ የሚሞላ ነው፤ ይኼ ቀጭን፣ ነጭ፣ ከእንዝርት የወረደ ፈትል የሚመስል ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ምን ያህል ቆሜ እንዳየሁት አላውቅም። ቀና ስል ልጄ ከፊቴ ቆማለች፣ ሁለተኛውን ገበቴ ይዛ። መዳፌን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች። ገበቴውን መሬት አስቀመጠችና ሄደች።

ሠፈር ሙሉ በዓል ነው፤ እኔ ፈለግኋት። ከምንጩ ራስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እምዬ፣ የኔም ውስጥ ክር ነው?»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። እናት እንዲያ ነው የምትለው። እኔ ግን «እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት።

በሳምንቱ ራቤል የከብት ክትባት ነው ተባለ። በጎቹን ይዘን እኔና እሷ ሄድን። ጤና ጣቢያው እዚያው ነው፤ ግን ምን ብዬ እገባለሁ? ልጄ መሲና ናት ወይ ብዬ የሰው ሐኪም ፊት ልቆም? የከብቱን ነገር የሚያውቀው የከብት ሐኪም ነው አልኩ። ወጣት ልጅ ነው፣ ከወደ ከተማ የመጣ፣ ጫማውን ጭቃ ውጦታል። ተራችን ሲደርስ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና፦

«ልጄ፣ እንደው ልጠይቅህ። አንዲት ጊደር አለችኝ» አልኩት።

«ይበሉ እናቴ።»

«መንታ ናት። ከወንድ ጋር።»

«እህ፣ እንግዲያው መሲና ናት። አይልፉባት። ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

መርፌውን ይዞ ቀጥ አለ። «አሥራ አምስት ዓመት! እናቴ፣ ይህን ያህል ዘመን ጊደር አስቀምጠው ምን ይጠብቃሉ?»

«አይ፣ እኔማ… ሽማግሌ ተልኮባት ነው እንጂ…»

በሬ ይዞ የቆመው ሰውዬ ሳቁን ለቀቀው። «የግሼ ጊደር በሽማግሌ ነው እንዴ የምትዳረው? ቃል ኪዳኑስ በቄስ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከኋላዬ ልጄ የበጉን ቀንድ ሳትለቅ፣ በደህና ድምፅ፦

«እኔ ነኝ ጊደሯ» አለች።

ሳቁ ቆመ። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። መርፌውን ለረዳቱ ሰጥቶ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ወሰደን። በዱላ መሬቱ ላይ ጫረ። አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ ሁለት ትንንሽ ጥጆች፣ በመካከላቸው መስመር።

«ይኼ የላም ሆድ ነው። የጥጆቹ የእንግዴ ልጅ ይጣበቃል፤ ደማቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ወንዱ ቀድሞ ሆርሞን የሚባል ነገር ይሠራል። ሆርሞን በደም የሚላክ ትእዛዝ በይው» አለ፣ ወደ ልጄ ዞሮ። «ትእዛዙ ለእሱ ነበር፤ ግን ወደ እህቱም ይፈሳል። እሷ ገና በመሠራት ላይ ናት። ማሕፀኗ ሳይሠራ ይቀራል። ጭንቅላቷም ውስጥ ይገባል። አእምሮ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ህዋሳት አሉ፤ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይውላሉ። ገና ለጋ ሳሉ ይህ ነገር ከነካቸው ጠባያቸው ይለወጣል። ዝም ይል የነበረው ይነቃል፣ ይነቃ የነበረው ዝም ይላል። ጥጃዋ ተወልዳ ከወንድሟ ብትለይም ያ አይለቅም። ላም ላይ የምትወጣው ለዚህ ነው።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነበር። «ጋን ማጠን ነው የምትለኝ?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ጠላ ሳንጨምር ባዶውን ጋን በወይራ ጭስ እናጥነዋለን። ጭሱ ያኔውኑ ወጥቶ ያልቃል። ጠላው ግን እስከ አተላው ድረስ ወይራ ወይራ ይላል። ከተጠመቀ በኋላ ብታጥነው ግን አይገባም።»

አየኝ። «እናቴ፣ ኮሌጅ ያስተማሩኝ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ያንን ፈተና ሁለት ጊዜ አልወስደውም ነበር» አለ። ከዚያ በዱላው ሌላ ክብ ጫረ፤ በውስጡ ሁለት ሕፃን፣ በመካከላቸው ወፍራም ግድግዳ። «ይኼ ደግሞ እርስዎ ነዎት። የሰው መንታ በየቤቱ፣ በየአጥሩ ነው የሚያድገው። የነዚህ ደም አይገናኝም። ላም ላም ናት፤ ሰው ሰው ነው። ከወንድ ጋር መንታ የሆነች ሴት ትወልዳለች። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አክስቴ እንዲህ ናት፣ አምስት ወልዳለች።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ግን ቆማ ሥዕሉን ታያለች።

«እኔስ ታዲያ?» አለችው። «ማረስ የምወደው፣ እንዝርት የሚያስጠላኝ፣ ጭሱ ነክቶኝ ነው?»

መልሶ ሥዕሉን አየ። ይኼን ወደድኩለት። «ሁላችንንም በመጠኑ ነክቶናል» አለ። «ሴትም ወንድም ከእናቱ ሆድ ሳለ የየድርሻውን ያገኛል፤ አንዱ በዛ ያለ፣ አንዱ አነስ ያለ። በአይጥ፣ በከብት ላይ ብዙ ታውቋል። በሰው ላይ ምኑ ከጭሱ፣ ምኑ ካደገበት ቤት እንደሆነ ለይቶ የሚነግርሽ ሰው ግን እኔ አላውቅም። ቤታችሁ የሚያርስ ወንድ ስላጣ ይሆናል የወደድሽው።»

«ወንድሜ ታሞ ነው ጅራፉን የያዝኩት» አለች። ትንሽ አሰበች። «የወደድኩት ግን ስለሚጥመኝ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይበቃል» አላት።

ከዚያ ራሱ እየመራ ጤና ጣቢያው በር አደረሰን። ሲስተሯ ልጄን አስገብታ አየቻት፤ ብዙ ጠየቀቻት፤ ምን እንደምትበላ፣ ስንት ሰዓት እንደምታርስ፣ እኔ በስንት ዓመቴ ወር እንዳየሁ ሳይቀር። ከዚያ እኔን አስገባችኝ። «ሁሉም በቦታው ነው። በዚህ ብርድ፣ በበሶና በቂጣ፣ ቀኑን እርፍ ይዛ እየዋለች ወሯ ቢዘገይ አይገርምም። ሁለት ዓመት አልፎ ካልመጣ አምጪልኝ» አለችኝ።

«ትወልዳለች አይደል?»

«ያየሁት ደህና ነው። ትወልዳለች ብዬ ግን አልምልልሽም። ለማንም ሴት አልምልም፤ ለራሴም አልማልኩም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚህ ዕድሜ ግን እንዳትድሪያት። ሕጉን ብለሽ ባይሆን ሰውነቷን ብለሽ።»

በመልሱ መንገድ ላይ ልጄ በጎቹን እየነዳች ከፊት ትሄዳለች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሳትዞር፦

«በርኖሱ ባናዬ ነበር፣ አይደል?»

«ነበር።»

«ለምን?»

ስለ አክስቴ ነገርኳት። አህያዋን፣ ጠፍሩን፣ የአያቴን በር። ቆማ ሰማችኝና፦

«ስለዚህ እኔ ብመለስ ባዶ እጄን እንድመለስ ነው?» አለች።

መልሴን አልጠበቀችም፤ አንዷ በግ ወደ ገደሉ ታዘነብላለች፣ ሮጣ መለሰቻት።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ባሌ ወንበር አወጣ። እኔ ጠላ ቀድቼ ስጨርስ አልወጣሁም፤ ቆምኩ። «ልጄ ገና ናት። ትምህርቷንም አልጨረሰችም። አክብራችሁናል፣ እናንተን የመሰለ አይጠላም፤ ግን አይሆንም» አልኩ። ባሌ ሸኝቷቸው ሲመለስ «ሽማግሌ መለሰችብኝ፣ ሚስቴ ሽማግሌ መለሰችብኝ!» እያለ ጓሮ ለጓሮ ዞረ። አንድ ሳምንት አላናገረኝም። እማሆይ ግን ሐኪሙ የጫረውን ዓመድ ላይ ጭሬ ሳሳያቸው አይተው አይተው፦

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ማን ነገረን?» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እኔኮ ከወንድ ጋር አደረች አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የቀረውን እኔ ነኝ ያልኩት።

ወንዱ ልጄ ከድጓ ትምህርቱ ለክረምት ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ በርኖሱን አውልቆ እህቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። እሷ መልሳ ትከሻው ላይ ጣለችው። «ልበስ፤ ደረትህ ሲያፏጭ እኔን ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ» አለችው።

በጥር፣ ውርጩ ገብሱን ባቃጠለበት ሰሞን፣ ለበልግ የሚዘራውን ማሳ ታርስ ነበር። ቀኑ ሳይጋመስ በሬዎቹን ፈትታ መጣች። ታማ መሰለኝ። በሩ ላይ ቆማ «መጣ» አለች።

«ማን መጣ?»

«እሱ ነዋ፣ እምዬ።»

ጮኼ ላለቅስ ነበር፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ውኃ አሞቅኩላት፣ ጨርቅ ቀደድኩላት። ተቀምጣ እኔን ታያለች። ደስታዬ ሲበዛ አይታ ነው መሰለኝ፣ ፊቷ ጨፈገገ።

«ባይመጣስ ኖሮ?» አለች።

ያን ጊዜ ተነሳሁና ከአልጋው ሥር ስልቻውን ጎትቼ አወጣሁ። ሠውሬው ነበር፤ ፊቷ መፍተል አፍሬ፣ እሷ እርሻ ስትወጣ ብቻ ነበር የምፈትለው። አፉን ከፈተች። ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጉልበቷ ላይ ደረደረች። እንዝርት የምትጠላ ልጅ ናት፤ ግን ይህን ያህል በስንት ወር እንደሚፈተል ከማንም በላይ ታውቃለች። አንዱን በእጇ መዘነችው።

«ይኼ የዛሬ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከራቤል በተመለስን በማግሥቱ።»

ልቃቂቶቹን ወደ ስልቻው መለሰቻቸው። ስትመልሳቸው አላፈጠነችም። «እንግዲያው ቶሎ ጨርሺው» አለች። «ዘጠነኛ ክፍል ራቤል ቤት ተከራይተን ነው የምንማረው። የኪራይ ቤቱ ግድግዳ ንፋስ ያስገባል አሉ።»

በመስከረም አህያ ጫንን። ባናው ከላይ፣ በጠፍር ታስሮ። ጎረቤቶቻችን ከደጅ ወጥተው «ሳትዳር ባና?» አሉ፤ አንዷም «ይኼስ አዲስ ነው» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ልጄ ሰማች፣ ዞራም አላየች፤ አህያዋን ነዳች። እኔ እስከ ዳገቱ ራስ ሸኘኋት።

እስከ አሁን አላገባችም። ትምህርቷ ላይ ናት። ትወልድ አትወልድ አላውቅም፤ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ አንዳንድ ቀን አሁንም እፈራለሁ። ባለፈው ክረምት ስትመጣ ባናውን ይዛ መጥታ ነበር፤ አንድ ጠርዙ በምድጃ ተቃጥሎ። እሱን ስጠግን ዋልኩ። እሷ በዚያው ቀን የአባቷን ማሳ ግማሹን አርሳ ተመለሰች።